ኮሮላ ኬኢ 70ን በጠባብ በጀት ማደስ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መኪናው ሲገባ

ቶዮታ ኮሮላ ኬኢ 70፤ ባለ አራት በር፣ ባለ አራት ማርሽ፣ የሚነዳው በኋላ ጎማ። ሞተሩ 4ኬ፣ 1290 ሲሲ፣ ባለ ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ክፍል)። ይህ የኮሮላ ትውልድ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ነው። መኪናው ለዓመታት ቆሞ ኖሯል። ሞተሩ በእጅ ሲዞር ይዞራል። የፍሬን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ታንከር ውስጥ የቀረው ቤንዚን ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። የግራው መርገጫ፣ ማለትም በበሮቹ ሥር የሚሄደው ውስጡ ባዶ የሆነ የሣጥን ብረት፣ በካቻቪቴ ሲነካ ይበሳል።

ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመች መኪና ነው። ኮምፒውተር የለውም፤ በሞተሩ ዙሪያ እጅ የሚያስገባ ቦታ አለ፤ አብዛኛው ዳዶና ቡሎን በ10፣ በ12፣ በ14 እና በ17 ቁልፍ ይፈታል።

በጀቱን የሚበላው በግምት የሚገዛ ዕቃ ነው። ካርቡራተር ተገዝቶ ጥፋቱ ከቦቢና (ለብልጭታው ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ክፍል) ይገኛል፤ ዲናሞ ተቀይሮ የላላው የባትሪ ገመድ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ደንቡ፦ ሳይለካ አይገዛም። መጀመሪያ የተገኙት መሣሪያዎችም መለኪያዎች ናቸው፦ የኮምፕሬሽን (በሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት) መለኪያ፣ የኤሌክትሪክ ቴስተር፣ የክፍተት መለኪያ ቅጠሎች፣ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ። ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው) ለጥቂት ሥራ ብቻ ስለሚያስፈልግ መዋስ ይሻላል።

ገንዘቡ የሚወጣበት ቅደም ተከተል፦ መኪናውን የሚያቆመው (ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪ)፣ ከዚያ የሚሸከመው (የአካል ብረት)፣ መጨረሻ የሚያስኬደው (ሞተር)። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ መኪናው ያለ ፍሬን ከግቢ መውጣት ያምረዋል። ከጠቅላላው አንድ አምስተኛው ለተሰበረ ቡሎንና ላልታየ ዝገት ተቀምጧል። ቀለምና የወንበር ልብስ በዝርዝሩ የሉም።

መፍታት

ከመፍታት በፊት ሁሉም የሚፈታ ቡሎን በዝገት ማላቀቂያ ዘይት ተነክሮ አደረ። የደረቀ ዳዶ መጀመሪያ በትንሹ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ይገፋል፤ ዝገቱ ሲሰነጠቅ “ጣ” ይላል፤ ከዚያ ሩብ ዙር መፍታት፣ ስምንተኛ ዙር መመለስ፣ እንደገና መፍታት። በአንድ ትንፋሽ የተጎተተ ቡሎን አንገቱ ይቀራል። ባለ 6 ጎን አፍ ያለው ቦክስ ቁልፍ ከባለ 12 ጎኑ ይልቅ የተበላ ራስ ይይዛል።

እያንዳንዱ ክፍል በየከረጢቱ፣ በላዩ ላይ ጽሑፍ። የቧንቧና የሽቦ መስመር ከመነቀሉ በፊት ከሁለት አቅጣጫ ፎቶ ይነሣል፤ በተለይ የካርቡራተሩ የቫኪዩም ቱቦዎች።

ክሪክ ለማንሣት ብቻ ነው። ሰው ሥር ከመግባቱ በፊት መኪናው በብረት ካቫሌቶ (ባለ እግር ማቆሚያ) ላይ ይቀመጣል። ብሎኬት አይሆንም፤ ክብደቱ በአንድ ነጥብ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል።

ፍሬን

ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡሮ (ከበሮ መሰል የፍሬን ቤት)። የኋላ ግራው ታምቡሮ አልወጣም፤ በዳር የተፈጠረው የዝገት ጠርዝ ሸራውን (ታምቡሮውን ከውስጥ እየተጫነ የሚያቆመውን) ይዞታል። ታምቡሮ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ ጠርዙን በመዶሻ መደብደብ ይሰነጥቀዋል። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ላላ፤ ከኋላ ባለው ሰሌዳ ቀዳዳ በኩል ማስተካከያው ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ከዚያ በታምቡሮው ፊት ላይ ባሉት ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎኖች ገብተው ተራ በተራ ግማሽ ግማሽ ዙር ጠበቁ። ራሱ ተገፍቶ ወጣ። እነዚህ ቀዳዳዎች የተሠሩት ለዚሁ ነው፤ በዝገት ስለሚደፈኑ ግን ብዙ ሰው አያያቸውም።

ውስጥ ያለው አቧራ በኮምፕሬሰር አይነፋም። የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በሳሙና ውሃ ረጥቦ በጨርቅ ተጠረገ፤ ጨርቁ በፕላስቲክ ታስሮ ተጣለ።

ልኬት፦ የግራው ሸራ 3 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል፤ ዝቅተኛው 1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በውፍረት ያልፋል። የቀኙም እኩል ነው፤ ግን ፖምፒኖው (ሸራውን የሚገፋው ትንሽ የዘይት ሲሊንደር) አፍስሶ በፍሬን ዘይት ርሷል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብ፣ በእሳት ቢደርቅ አይመለስም፤ ሲሞቅ ዘይቱን እንደገና ያወጣል። አንዱ ሲቀየር ሌላው መቀየር አለበት፤ አለበለዚያ መኪናው በፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ሙሉ የኋላ ሸራ ተገዛ። ታምቡሮዎቹ ላያቸው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ዲያሜትር በታች ስለሆኑ በወፍራም ብርጭቆ ወረቀት አብረቅራቂው ተነሥቶ ተመለሱ።

ፖምፒኖዎቹ ተፈቱ። መመርመሪያው ጥፍር ነው፦ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ጥፍር የሚያስቆም ጉድጓድ ካለ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) መቀየር ጊዜ ማባከን ነው፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ያፈስሳል። የቀኙ ጉድጓድ ስላለው ሙሉው ተቀየረ። የግራው ጥላ ብቻ ስለነበረው በፍሬን ዘይት በረጠበ 600 ቁጥር ወረቀት በክብ አቅጣጫ ተወልውሎ ጎሚኒው ብቻ ተቀየረ። ወረቀቱ ወደ ርዝመቱ ከተጎተተ ለዘይቱ መውጫ ቦይ ይቀድለታል። ጎሚኒ ሲገጠም የሚቀባው የፍሬን ዘይት ነው። የሞተር ዘይት ወይም ተራ ግራሶ ከነካው ያብጣል፤ ፍሬኑ ይያዛል።

ሦስቱም የጎማ ቱቦዎች፣ ሁለቱ የፊትና አንዱ የኋላ፣ ሳይለኩ ተቀየሩ። በፍሬኑ ሥራ ከደንቡ ውጪ የሆነው ይህ ብቻ ነው። የቱቦው ውጪ ደህና መስሎ ውስጡ ያብጣል፤ ፔዳል ሲረገጥ ዘይቱን ያሳልፋል፣ ሲለቀቅ አይመልስም። ጎማው ይግላል፣ ሰውም ካሊፐሩን (የዲስኩን መያዣ) ይቀይራል። ይህን ከውጪ የሚለካ መሣሪያ ስለሌለ መቀየሩ ይረክሳል።

ዋናው ሲሊንደር በጎሚኒ ቅያሬ ተረፈ። አየር ሲወጣ ከፔዳሉ ሥር የእንጨት ጉማጅ ተቀመጠ። ምክንያቱ፦ በተለመደው አነዳድ ፒስተኑ የሲሊንደሩን ግማሽ ብቻ ይሄዳል፤ ቀሪው ግማሽ ላይ ዝገትና ዝቃጭ ይጠራቀማል። እስከ ወለሉ የተረገጠ ፔዳል አዲሱን ጎሚኒ በዚያ ላይ ጎትቶ ይቀደዋል።

አየር ማውጣት የተጀመረው ከዋናው ሲሊንደር ከሚርቀው ጎማ ነው። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ይፈላል፤ ውሃ ሲጠጣ ገደቡ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155 ነው። ሁለቱ ሊደባለቁ ይችላሉ፤ ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ግን ከሁለቱም ጋር አይገናኝም። ተከፍቶ የከረመ ቆርቆሮ አይጨመርም፤ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ቀለም ላይ የፈሰሰ ጠብታ ወዲያው በውሃ ይታጠባል፤ ካደረ ቀለሙን ይልጠዋል።

ዝገት

በመዶሻ እጀታ እየተመታ ድምፁ ተሰማ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ይደነቁራል። የግራ መርገጫው ከፊት ጎማ ቤት እስከ መካከለኛው ምሰሶ ሄዷል፤ የሾፌሩ ወለል ጥግ መዳፍ በሚያህል ስፋት አልቋል። ቀኙ ላዩ ዝጓል፣ ግን አይበሳም።

ምክንያቱ ካልተገኘ የተበየደው ሁለተኛ ይበሰብሳል። በንፋስ መስተዋቱ ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠልና በአፈር ተደፍኖ ውሃውን ወደ ወለሉ እየላከ ነበር፤ የመርገጫው የታች ቀዳዳዎችም በጥቁር ቅብ ተዘግተዋል። ሁለቱም ከብየዳው በፊት ተከፈቱ።

መርገጫ የአካሉ አጥንት ነው። ከመቆረጡ በፊት የበሩ ክፍተት በሦስት ቦታ ተለክቶ ተጻፈ፤ መኪናው በአራቱም ጫፍ እኩል በካቫሌቶ ላይ ተቀመጠ፤ በበሩ ክፍት ላይ ማገር ብረት በነጥብ ተበየደ። ይህ ካልተደረገ አካሉ መሐሉ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ በሩ አይዘጋም።

ቆረጣው የተደረገው ብረቱ እስኪነጣና ውፍረቱ እስኪመለስ ድረስ ነው። በቀጭን ጠርዝ ላይ የሚሞከር ብየዳ ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል። መጣፊያው ከ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካርቶን ናሙና ተቆረጠ። ብየዳው በሚግ፣ ባለ 0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ በነጥብ ብቻ፦ አንድ ነጥብ፣ ከዚያ 30 ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ ሌላ፣ ከዚያ ወደ ተቃራኒው ጫፍ። መሐሉ የሚሞላው እጅ በሚችለው ሙቀት ሲበርድ ነው። በአንድ ጉዞ የተበየደ ላሜራ ይጠማዘዛል፤ ስቱኮ (ጎድጓዳውን የሚሞላው ልጥፍ) የሚበዛውም በዚህ ነው።

ከመበየድ በፊት የባትሪው ሁለቱም ገመዶችና የዲናሞው ሶኬት ተነቀሉ፤ ምንጣፉ ወጣ፤ በዚያ በኩል የሚያልፈው የነዳጅ ቧንቧ ተፈትቶ ተገለለ። ከወዲያኛው ገጽ ያለው የወለል ቅብ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ ውሃ ይዞ የሚጠብቅ ሁለተኛ ሰው ግድ ነው።

የቀረው የላይ ዝገት በሽቦ ብሩሽ ተነሥቶ ፎስፎሪክ አሲድ ያለው ማርከሻ ተቀባ። ማርከሻው የሚሠራው በስስ ዝገት ላይ ነው፤ በሚላጥ ቅርፊት ላይ ከተቀባ ላዩን ብቻ አጥቁሮ ይቀራል። ከደረቀ በኋላ ኤፖክሲ ፕራይመር፣ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ማሸጊያ ማስቲክ፣ ከዚያ የወለል ቅብ። ስቱኮ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አይወፍርም፤ ማጠንከሪያው በክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። የበዛ ማጠንከሪያ ኋላ በቀለሙ ላይ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ስቱኮ ራሱ እርጥበት ስለሚጠጣ ሳይቀባ የሚያድር መኪና ከሥሩ መዛግ ይጀምራል።

መርገጫው ውስጥ የሳጥን ሰም በረጅም ቱቦ ተረጨ፣ በታችኛው ቀዳዳ እስኪንጠባጠብ። በርካሽነቱ ያገለገለ የሞተር ዘይት የሚረጩ አሉ። ዘይቱ የጎማ ቡሽኮችን ያበላሻል፣ ምድር ላይ ይንጠባጠባል፣ ቀጥሎ ለሚበይድ ሰውም እሳት ይሆናል።

ነዳጅ

ታንከሩ ወረደ። ባዶ ታንከር ከሙሉው የበለጠ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። ብየዳም ሞላም (የብረት መቁረጫና መፍጫ ማሽን) አይቀርበውም። አንድ እፍኝ ያረጀ ሰንሰለትና ሙቅ የሳሙና ውሃ ገብቶ ተናወጠ፤ ዝገቱ ወጣ፤ ከዚያ በውሃ ታጥቦ በአየር ደረቀ። ውስጡ ብረቱ ታየ፣ ቀዳዳ የለም፤ አዲስ ታንከር ከዝርዝሩ ተሠረዘ።

ሁሉም የነዳጅ ጎማ ቱቦ ተቀየረ፤ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ያረጀ ጎማን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። ከካርቡራተሩ በፊት በዓይን የሚታይ ፊልትሮ ገባ፤ ከታንከሩ የቀረው ዝገት በመጀመሪያው ሳምንት ይወርዳል።

የነዳጅ ፖምፓው በካምሻፍቱ የሚገፋ ሜካኒካል ነው። ውስጡ ያለው ጎማ ሲቀደድ ቤንዚኑ ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ይገባና ዘይቱን ያቀጥናል። የዘይት መለኪያው ዱላ ተሸተተ፤ ቤንዚን የለውም። ፖምፓው ተረፈ።

ካርቡራተሩ ተፈታ። ጂግለሮቹ (የነዳጁን መጠን የሚወስኑት ባለ ቀዳዳ ክፍሎች) በማጽጃና በአየር ብቻ ተነፉ። ሽቦ አይገባባቸውም፤ ቀዳዳው በመቶኛ ሚሊ ሜትር የተለካ ስለሆነ በአንድ ጭረት የነዳጁ መጠን ይለወጣል። ጓርኒሲዮኖቹና (የመገጣጠሚያ ማሸጊያዎቹና) የተንሳፋፊው መርፌ ተቀየሩ። የነዳጁ ከፍታ በጎን ባለው መስታወት ላይ ካለው ምልክት ጋር መግጠም አለበት፤ ከፍ ካለ መኪናው ጥቁር ያጨሳል፣ ዝቅ ካለ ሽቅብ ላይ ይደክማል። የቢራቢሮው (የአየር መግቢያውን የሚከፍትና የሚዘጋው ክዳን) ዘንግ ሲወዛወዝ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ የሚገባ አየር ሚኒሞን (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) ስለሚያዛባ ለኋላ ተመዝግቧል።

ሞተር

ካንዴላዎቹ (ብልጭታ ሰጪዎቹ) ወጡ፤ በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ገብቶ አደረ። በማግስቱ ሞተሩ በፑሊው ቡሎን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ዞረ። ዘይትና ፊልትሮ ተቀየረ፣ 3.5 ሊትር። ካንዴላዎቹ ሳይገቡ በሞተሪኖ (በሞተር አስነሺው) የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ተዞረ፤ ኮምፕሬሽን ስለሌለ ደርቀው የከረሙት ብሮንዚኖች (የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከሙት) ጫና ሳያርፍባቸው ዘይት ያገኛሉ።

ከዚያ ሞተሩ ተነሣ። ሦስት እግር ይመታል (ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ አይሠራም)፣ ሚኒሞ አይይዝም። የሙቀት መጠኑ እስኪደርስ ሠርቶ ጠፋ፤ ኮምፕሬሽን ተለካ። አካሄዱ፦ አራቱም ካንዴላ ይወጣል፣ የቦቢናው ሽቦ ይነቀላል፣ የጋዝ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይረገጣል። ቢራቢሮው ከተዘጋ ሞተሩ አየር ስለማያገኝ ጤነኛውም ዝቅ ብሎ ይነበባል።

ንባቡ በኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር፦ አንደኛው 11.2፣ ሁለተኛው 11.0፣ ሦስተኛው 7.4፣ አራተኛው 10.8። ለዚህ ሞተር ዝቅተኛው ገደብ 9 ሲሆን በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነትም ከ1 እንዳይበልጥ ነው የሚፈለገው።

በሦስተኛው ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ተጨምሮ እንደገና ተለካ፦ 7.7። ጥፋቱ የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ለጊዜው ክፍተቱን ዘግቶ ንባቡን በግልጽ ከፍ ያደርገው ነበር። የቴስታታ (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን ቢሆን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጎረቤታሞች አብረው ይወርዳሉ። የቀረው ቫልቭ ነው። ሙሉ ሞተር ማደስ (ፒስተን፣ ፋሻ፣ ቶርኖ) በዚህ አንድ ማንኪያ ዘይት ከበጀቱ ወጣ።

ቴስታታ ከማውረድ በፊት የቫልቭ ክፍተት ተለካ፤ በነፃ የሚደረግ ነገር ይቀድማል። ልኩ ሞተሩ ሙቅ ሆኖ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። የሦስተኛው ማስወጫ 0.05 ቅጠል እንኳ አላስገባም። ክፍተት የሌለው ማስወጫ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሙቀቱን ለመቀመጫው ማስተላለፍ ስለማይችል ጠርዙ ይቃጠላል። የማይጮህ ቫልቭ ጥሩ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በተግባር ግን ትንሽ የሚያንኳኳው ነው የሚኖረው።

የማስተካከያው ቅደም ተከተል ለዚህ ሞተር፣ የማቀጣጠል ተራው 1-3-4-2 ስለሆነ፦ አንደኛው ፒስተን በኮምፕሬሽን ጫፍ ላይ ሲደርስ የአንደኛው ሁለቱም፣ የሁለተኛው ማስገቢያ፣ የሦስተኛው ማስወጫ። ከዚያ ፑሊው አንድ ሙሉ ዙር ይዞርና የአራተኛው ሁለቱም፣ የሦስተኛው ማስገቢያ፣ የሁለተኛው ማስወጫ። ቅጠሉ ሲጎተት ቀለል ያለ መያዝ ሊኖረው ይገባል።

ከተስተካከለ በኋላ ሦስተኛው ወደ 8.3 ወጣ፤ አሁንም ከገደቡ በታች። ጠርዙ ተበልቷል ማለት ነው። ቴስታታው ወረደ፤ ቡሎኖቹ የሚላሉት ከዳር ወደ መሐል በየደረጃው ነው። አሉሚኒየም ስለሆነ በአንድ በኩል ከተለቀቀ ይጣመማል።

የተገኘው፦ የሦስተኛው ማስወጫ ቫልቭ በአንድ ጎን ጥቁር መስመር አለው፤ መቀመጫው ግን ደህና ነው። አንድ ቫልቭ ተገዛ፤ የቀሩት ሰባት ተጸድተው ከየራሳቸው መቀመጫ ጋር በቫልቭ ማፍጫ ቅባት ተፈጩ፣ መጀመሪያ በወፍራሙ፣ ከዚያ በደቃቁ። ልክ የሆነ ፍጭት በቫልቩ ፊት መሐል ላይ ያልተቋረጠ ግራጫ ቀለበት ይሰጣል። ቅባቱ በሙሉ ታጥቦ ካልወጣ ሞተሩን ከውስጥ መሞረዱን ይቀጥላል። ለመፈተሽ ቴስታታው ተገልብጦ ነጭ ጋዝ ፈሰሰበት፤ ለሩብ ሰዓት በማንኛውም ቫልቭ በኩል አልወረደም። የቫልቭ ጎሚኒዎቹ ረክሰው ስለሚገኙና ቴስታታው አንዴ ስለወረደ በሙሉ ተቀየሩ።

የቴስታታው ገጽ በብረት ማስመሪያና በ0.05 ሚሊ ሜትር ቅጠል በርዝመት፣ በወርድና በሰያፍ ተፈተሸ። ቅጠሉ የትም አልገባም፤ ቶርኖ ቤት መሄድ ቀረ። አሮጌው ጓርኒሲዮን በፕላስቲክ መፋቂያ ተነሣ፤ ሞላ ላይ የሚገጠም የብሩሽ ዲስክ አሉሚኒየሙን ጎድጉዶ ይበላዋል። የብሎኩ የቡሎን ቀዳዳዎች ውሃና ዘይት እንዳይቀርባቸው ተነፉ፤ ፈሳሽ ያለበት ቀዳዳ ውስጥ የሚጠብቅ ቡሎን ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። ማጥበቂያው ከመሐል ወደ ዳር በሦስት ደረጃ፣ መጨረሻው ከ54 እስከ 64 ኒውተን ሜትር።

ዳግም ልኬት፦ 11.2፣ 11.1፣ 10.9፣ 10.9።

ውሃና ሙቀት

ራዲያተሩ ወርዶ ለብቻው ታጠበ፤ በሊትር 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ ያለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ቆይቶ በንጹሕ ውሃ ከታች ወደ ላይ ተነፋ። አሲዱ ሞተሩ ውስጥ አልገባም፤ የቴስታታው አሉሚኒየም አይወደውም። ቴርሞስታቱ ከቴርሞሜትር ጋር ድስት ውስጥ ተቀቀለ፤ 82 ላይ መከፈት ጀመረ፤ ተመለሰ። “በሙቀት ምክንያት” ቴርሞስታት አውጥቶ መንዳት ሞተሩን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ አድርጎ ነዳጅ ያስፈጃል፣ ሲሊንደርም ያስበላል። ከማቀዝቀዣው ግማሹ አንቲፍሪዝ ነው፤ በማይበርድበት ቦታም ቢሆን ዋና ሥራው ዝገት መከላከል ስለሆነ አይቀርም። ሁለት ቱቦዎች ሲጨመቁ ስንጥቅ አሳዩ፤ ተቀየሩ። የራዲያተሩ ክዳንም አዲስ ነው።

ኤሌክትሪክ

ሞተሪኖው ይደክማል። ባትሪው አርፎ 12.6 ቮልት ያሳያል፣ ማለትም ሙሉ ነው። የቴስተሩ አንዱ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ፣ ሌላው በሞተሩ ብሎክ ላይ ሆኖ ሞተሪኖ ሲዞር 0.9 ቮልት ተነበበ። ከ0.2 መብለጥ አልነበረበትም። የመሬት ገመዱ ሁለቱም ጫፍ ተፈትቶ ብረቱ እስኪያበራ ተፋቀ፣ በሮንዴላ ጠበቀ፣ ግራሶ ተቀባ። ንባቡ ወደ 0.1 ወረደ፤ ሞተሪኖው ከዝርዝሩ ተሠረዘ። ፍዝ የነበሩት የፊት መብራቶችም በዚሁ መንገድ ነው የተመለሱት፤ መስመራቸው በአካሉ ብረት ላይ የሚያርፍበት ቡሎን ከቀለም ሥር ዝጎ ነበር።

ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ 14.2 ቮልት፤ ዲናሞው ጤነኛ ነው። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ባትሪው የሚሰጠው ፍሳሽ ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ሆነ። ፊውዝ ቤቱ ውስጥ አንድ ቦታ በሲጋራ ብርማ ወረቀት የተጠቀለለ ፊውዝ ተገኘ፤ መስመሩ በልኩ ፊውዝ ሲሞከር አልተቃጠለም።

የፑንቲናው (የብልጭታውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው) ክፍተት 0.45 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው 0.8 ሆነ። ፑንቲናው የሚረግጠው ካም ላይ የሩዝ ፍሬ ታህል ግራሶ ተቀባ፤ ደረቅ ከሆነ እግሩ ይበላና ክፍተቱ በራሱ እየጠበበ ማቀጣጠሉ ይዘገያል። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፦ መጀመሪያ ቫልቭ፣ ከዚያ ፑንቲና፣ ከዚያ ፋዜ (ብልጭታው የሚወጣበት ቅጽበት) በመብራት፣ መጨረሻ ካርቡራተር። የፑንቲናው ክፍተት ሲለወጥ ፋዜው አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ ፋዜን አስቀድሞ መምታት ድጋሚ ሥራ ነው። ሚኒሞው ወደ 750 ዙር ገባ። የቢራቢሮው ዘንግ አካባቢ ማጽጃ ሲረጭ ዙሩ ትንሽ ይለወጣል፤ ያስቸግራል የሚባል አይደለም።

ጎማ፣ መሪ፣ ሞላ

ጎማዎቹ ጥርስ አላቸው፤ ግን በጎናቸው ያለው የዶት ቁጥር መጨረሻ 2309 ነው፣ የ2009 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት። ጎኑ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች አሉ። ጥርስ ያለው ያረጀ ጎማ በሙቀትና በፍጥነት ላይ ንጣፉን ይለቃል። አራቱም ተቀየሩ፣ 155 አር 13። ከጠቅላላው ወጪ ትልቁ ቁራጭ ይህ ነው፤ ያገለገለ ጎማ መግዛትም አልተፈለገም።

የፊት ጎማ ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዘወዝ ጨዋታው ከኩሽኔት ወይም ከታችኛው የኳስ መገጣጠሚያ ነው፤ ከግራና ከቀኝ ሲወዘወዝ ከመሪ ዘንግ ጫፎች። ለመለየት ሌላ ሰው ፍሬን ይረግጣል፤ ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔት ነው። የቀኙ ኩሽኔት ነበር፤ ተጸድቶ አዲስ ግራሶ ገብቶ በማስተካከያ ዳዶው ተጠበቀ። የግራው የውጪ መሪ ጫፍ ተቀየረ፤ ከመፈታቱ በፊት የታየው የጥርስ ብዛት ተቆጥሮ ስለተጻፈ መኪናው ለማስተካከያ እስኪሄድ በቀጥታ ይሄዳል። የኋላ ሞላዎቹ (የመኪናው ጥምዝ ተሸካሚ ብረቶች) ደህና ናቸው። የአንዱ የኋላ ሾክ አብዞርበር ዘይት ወጥቷል፤ ሁለቱም ተቀየሩ።

የካርዳኑ (ኃይል ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ) ክሮቼራ (መስቀል መገጣጠሚያ) በእጅ ሲጠመዘዝ ጨዋታ የለውም። የዲፈረንሲያሉ ዘይት ከመፍሰሱ በፊት የላይኛው ቡሎን መፈታቱ ተረጋገጠ፤ ታችኛው ተከፍቶ ላይኛው ቢያስቸግር መኪናው ያለ ዘይት ይቀራል።

የመንገድ ሙከራ

መጀመሪያ በግቢ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ በእጅ ፍሬንና በእግር ፍሬን እየተፈራረቀ። ከዚያ አጭር ጉዞ፤ ሲመለስ አራቱም ቸርኬ በእጅ ተዳሰሰ። እኩል ሞቀዋል፤ የሚጎትት ፍሬን የለም። የጎማ ዳዶዎቹ ከተነዳ በኋላ እንደገና ጠበቁ፤ አዲስ የተገጠመ ጎማ ቀለምና ዝገት ሲረጋ ይላላል።

የተገኙ ቅሪቶች፦ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲቀነስ ይጮኻል፣ የሦስተኛው ሲንክሮናይዘር (ማርሹን አለስልሶ የሚያስገባው) ደክሟል፤ ሁለት ጊዜ ፍሪሲዮን በመርገጥ ያልፋል፣ ካምቢዮ ማውረድ አያስፈልግም። ከኮፓው ጓርኒሲዮን በቀስታ ይረጥባል፤ ቡሎኖቹ ጓርኒሲዮኑን ጨምቀው እንዳያበላሹት በልክ ብቻ ጠበቁ። ከፊት በቀኝ በር ሥር ውሃ ይገባል፤ ከበሩ ውስጠኛ ሽፋን ጀርባ ያለው ፕላስቲክ ተቀዷል፤ በወፍራም ፕላስቲክና በቡቲል ማጣበቂያ ይተካል።

የቆየው ቀለም ባለ አንድ ንብርብር ነው፤ ጨርቁ ላይ ቀለሙ ከወጣ ይህ ይታወቃል። የደበዘዘው በእጅ ኮምፓውንድ ተመለሰ፤ ጠርዞች ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ እዚያ በቴፕ ተሸፍኗል።

ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ የሚሠራ፦ ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ የቴስታታውን ቡሎኖች ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ በተራ ማየት፣ ቫልቮቹን እንደገና መለካት (የተፈጨ ቫልቭ ሲቀመጥ ክፍተቱ ይጠብባል፣ የሦስተኛው ማስወጫ ይቀድማል)፣ የነዳጁን ፊልትሮ መቀየር፣ የኋላ ፍሬኑን ማስተካከያ ማየት። የፊት ጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ ከዚህ በፊት ይሆናል፤ አዲሱ ጎማ ሳይበላ።